የኤምካት ነጥብና የእኛ የማትሪክ ዓይን

(ከጋርላንድ፥ ቴክሳስ)

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል። እኛም በስደት አገር ስለ ልጆቻችን ትምህርት የምናውቀውን አብዛኛውን ነገር ያወቅነው ሲሉ ሰምተን ነው። አንድ ሰው በቤተ ክርስቲያን ግቢ ወይም በለቅሶ ቤት የተናገረው ቁጥር ሳምንት ሳይሞላው የሁላችንም ሕግ ይሆናል። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝም እንዲህ ያለ አንድ ቁጥር ነው። ጥፋቱ የሌላ ሰው ሳይሆን የራሴ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚሁ ዳላስ አካባቢ የሚኖር የረጅም ጊዜ ወዳጅ አለኝ። ልጁ ሐኪም ለመሆን የምትዘጋጅ፥ በዩኒቨርሲቲ 3.7 ነጥብ ያላት ጎበዝ ተማሪ ናት። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ማታ ደውሎ «ልጅቷ የሕክምና ኮሌጅ መግቢያውን ፈተና ወስዳ 501 አመጣች። ፈተናው ከ528 ነው አሉኝ። እንዴት ነው?» አለኝ። አገር ቤት አሥራ አንድ ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬአለሁና በእኛ ሰፈር የፈተና ነገር የሚጠየቀው እኔ ነኝ። ወዲያው በጭንቅላቴ አካፈልኩና «95 ከመቶ ነው እኮ! እንኳን ደስ ያላችሁ» አልኩት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ድግስ ሆነ፤ ዘመድ ተጠራ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ልጅቷ ግን በራሷ ድግስ ላይ አንገቷን ደፍታ ቡና ታቀርብ ነበር። ትሕትና መስሎኝ አለፍኩት።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ አንድ የሚያውቅ ሰው «501 ማለት እኮ ከተፈታኞቹ መካከል ግማሽ ላይ መሆን ነው» አለን። ወዳጄ እንደገና ደወለልኝ። እኔም እንደገና፥ ሳላነብና ሳልጠይቅ፥ «እንግዲያስ 50 ከመቶ ነዋ! አገር ቤት ቢሆን አልፋለች አይባልም። ፋርማሲ ወይም ነርሲንግ ብትገባ ይሻላታል» ብዬ ፈረድኩ። አባትየው ይህንኑ ለልጁ ነገራት። ልጅቷ ለሁለት ወር ያህል ከአባቷ ጋር በቅጡ አልተነጋገረችም። በመጨረሻ ወደ እኔ መጥታ «ጋሼ፥ መጀመሪያ 95 ነሽ አሉኝ፤ ቀጥሎ 50 ነሽ አሉኝ። ሁለቱም ግን ውጤቴ ላይ የሉም» አለችኝና ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው።

እውነቷን ነው። ሁለቱም የሉም። ከዚያ ቀን በኋላ ነው መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን ያደረግሁት፤ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ያገኘሁትን ደግሞ እኔ የሠራሁትን ስሕተት ሌላው እንዳይደግመው እነሆ እላለሁ።

ቁጥሩ ምንድን ነው?

በተለምዶ «ኤምካት» የምንለውን ፈተና የሚያዘጋጀው የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ነው። የፈተናው ሥር ወደ ኋላ እ.ኤ.አ. እስከ 1928 ይሄዳል። በዚያን ዘመን በአንዳንድ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ከገቡት ተማሪዎች ግማሽ ያህሉ ሳይጨርሱ ይወጡ ነበር፤ በሌሎቹ ደግሞ የሚወጣው ከመቶ አምስት ብቻ ነበር። ስለዚህ ትምህርቱን መቋቋም የሚችለውን አስቀድሞ ለመለየት ፈተናው ተፈጠረ። በ1946 ከትምህርት የሚወጣው ቁጥር ከመቶ ወደ ሰባት ወርዶ ነበር። ልብ በሉ፤ ፈተናው የተወለደው «ጥሩ ሐኪም ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ አይደለም። «ከጀመረ በኋላ አቋርጦ የማይወጣው ማን ነው?» ለሚለው ነው። ይህ ልዩነት የጽሑፌ ሁሉ መሠረት ስለሆነ እንዳይረሳ።

ፈተናው በየዘመኑ ብዙ ተለውጧል። አሁን ያለው መልክ የመጣው በ2015 ነው። አራት ክፍል አለው፦ አንደኛው ኬሚስትሪና ፊዚክስ፥ ሁለተኛው የንባብና የማመዛዘን ክፍል፥ ሦስተኛው ባዮሎጂና ባዮኬሚስትሪ፥ አራተኛው ሥነ ልቡናና ማኅበራዊ ሳይንስ። በጠቅላላው 230 ጥያቄ ነው። ጥያቄውን ለመሥራት ብቻ ስድስት ሰዓት ከሩብ ይፈጃል፤ ዕረፍቱና ሌላው ሲጨመር ሰባት ሰዓት ተኩል ይሆናል።

እያንዳንዱ ክፍል የሚጀምረው ከዜሮ ሳይሆን ከ118 ነው፤ የሚያበቃው 132 ላይ፥ መሐሉ 125 ነው። አራቱ ሲደመሩ ዝቅተኛው 472፥ ከፍተኛው 528፥ መሐሉ 500 ይሆናል። እንግዲህ የእኔ «95 ከመቶ» እዚህ ላይ ፈረሰ። አንድም ጥያቄ ያልመለሰ ተማሪ 472 ያገኛል፤ በእኔ ስሌት ደግሞ እርሱም «89 ከመቶ» ነው! ሁለተኛው ፍርዴም ፈረሰ። ፐርሰንታይል የሚባለው ቁጥር ተማሪው ስንት ጥያቄ እንደመለሰ አይናገርም፤ ከተፈታኞቹ መካከል ስንቱ ከእርሱ በታች ወይም እኩል እንደሆነ ብቻ ይናገራል። የሚነጻጸረውም ከመንገደኛ ጋር አይደለም፤ ሐኪም ለመሆን ብለው ለዓመታት ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ከተማሩት ጋር ነው። ከእነዚህ መካከል መሐል ላይ መቆም ደካማነት ሊባል አይችልም።

ሌላም አለ። የሚሰጠው ቁጥር ራሱ እንደ ምስማር የተመታ አይደለም። አዘጋጆቹ ራሳቸው በጠቅላላ ውጤቱ ላይ በሁለት ነጥብ ከፍ ወይም ዝቅ የሚል የስሕተት ወሰን አስቀምጠዋል። 508 ያመጣች ልጅ እውነተኛ ችሎታዋ ከ506 እስከ 510 ባለው ውስጥ ሊሆን ይችላል። ይህ ትንሽ ይመስላል እንጂ በፐርሰንታይል ሲታይ ከስልሳዎቹ አጋማሽ እስከ ሰባዎቹ መጨረሻ ገደማ ይወስዳታል። «የእገሌ ልጅ 509፥ የእኔ ግን 507» እያለ በቡና ላይ የሚያዝን ወላጅ የሚያዝነው ፈተናው ራሱ በማይለየው ልዩነት ነው።

ምን ይገልጣል?

እዚህ ላይ ሚዛን መጠበቅ አለብኝ። ፈተናው ከንቱ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ከእነርሱ ጋር አልስማማም። ነጥቡ ከሕክምና ትምህርት የመጀመሪያ ዓመታት ውጤት ጋር፥ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሐኪሞች ፈቃድ ለማግኘት ከሚወስዷቸው ብሔራዊ ፈተናዎች ውጤት ጋር በግልጽ ይዛመዳል። ከዩኒቨርሲቲ ውጤት ጋር ተዳምሮ ሲታይ ደግሞ ሁለቱ አንድ ላይ ለየብቻቸው ከሚናገሩት የተሻለ ይናገራሉ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የአንዱ ዩኒቨርሲቲ 3.7 ከሌላው 3.7 ጋር እኩል መሆኑን ማንም አያውቅም፤ ይህ ፈተና ግን ለሁሉም አንድ ነው። ስሟ ካልታወቀ ኮሌጅ የመጣች የስደተኛ ልጅ «ከማንም አላንስም» ብላ የምታሳየው አንድ ማስረጃ ቢኖር ይኸው ነው። ይህን መሣሪያ ከእጇ መቀማት ውለታ መዋል አይደለም።

ግን የሚገልጠው እስከዚያ ድረስ ነው። መሐል ላይ፥ ማለትም 500 አካባቢ ያመጡና ተቀባይነት ያገኙ ተማሪዎች በብዛት ሳይዘገዩ ይቀጥላሉ፥ ይመረቃሉም። ነጥቡ ከሚፈለገው በታች በጣም ሲወርድ አደጋን ያሳያል፤ ከበቂው በላይ ሲወጣ ግን የተሻለ ሐኪም ስለመሆን የሚናገረው እየቀነሰ ይሄዳል። የበሽተኛን እጅ ይዞ ክፉ ዜና መንገር፥ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደክሞም ቢሆን አለመዋሸት፥ «አላውቅም፥ ልጠይቅ» ማለት በ230 ጥያቄ ውስጥ አይለካም።

የሕክምና ኮሌጆቹም ይህን ያውቁታል። በቅርብ ዓመታት በየዓመቱ ከሃምሳ ሺህ በላይ ሰው ያመለክታል፤ የሚገባው ከሃያ ሦስት ሺህ ብዙ አይርቅም። የአመልካቾቹ አማካይ 506 ገደማ፥ የገቡት አማካይ 512 ገደማ ነው። አማካይ ማለት ግን ወለል ማለት አይደለም፤ ከገቡት ብዙዎቹ ከዚያ በታች ናቸው። በተቃራኒው 3.8 ያላቸውና 518 ወይም ከዚያ በላይ ያመጡት እንኳ ከአሥሩ አንድ በላይ ሳይገቡ ይቀራሉ። ነጥቡ ብቻውን በሩን የሚከፍት ቢሆን ኖሮ እነዚህ ደጅ ባልቀሩ።

የማትሪክ ዓይናችን

ታዲያ እኔን የመሰለ መምህር ነኝ ባይ ይህን ሁሉ እንዴት ሳተው? መልሱ ያደግንበት ነው። በእኛ ዘመን ማትሪክ የሚባለው ፈተና አንድ ጊዜ ይመጣል፥ ነጥብ ይሰጣል፥ ነጥቡም ዕድል ይሰጣል። ከፍተኛ ነጥብ ያመጣ ልጅ ወደደም ጠላም ሕክምና ይገባል፤ ጥቁር አንበሳ ወይም ጎንደር ይመደባል። ያላመጣው ወደ ሌላ ይሄዳል። ማንም «ለምን ሐኪም መሆን ፈለግህ?» ብሎ አይጠይቅም። ነጥቡ መልስም ጥያቄም ነበር።

ይህ አስተሳሰብ ዛሬም አገር ቤት አለ፤ እንዲያውም ከብዷል። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ከመቶ 3.3፥ በ2015 ከመቶ 3.2፥ በ2016 ከመቶ 5.4፥ በ2017 ከመቶ 8.4 ብቻ ናቸው። እነዚህን ቁጥሮች ያየ ሰው ሁለት ነገር ሊል ይችላል። አንዱ «ልጆቹ ሰነፎች ናቸው» ይላል። ሌላው «ከመቶ ዘጠና ከምናምን የሚሆነው ልጅ ሲወድቅ የወደቀው ልጁ ነው ወይስ ያስተማረው ቤት?» ብሎ ይጠይቃል። ቁጥሩ አንድ ነው፤ የሚገልጠው ግን እንደ ጠያቂው ነው። ቴርሞሜትር ትኩሳት መኖሩን ይናገራል እንጂ ወባ ይሁን ታይፎይድ አይናገርም። ቴርሞሜትሩን መስበር ሞኝነት ነው፤ በቴርሞሜትር ብቻ መድኃኒት ማዘዝም እንዲሁ።

አሜሪካም ብትሆን በዚህ ጉዳይ ተጣልታ አልጨረሰችም። በ1978 ለጠቅላይ ፍርድ ቤት የቀረበው የባኪ ጉዳይ የሕክምና ኮሌጅ ጉዳይ ነበር። በዴቪስ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ከ100 ቦታ 16ቱን ለይቶ ይዞ ነበር። ባኪ «ከእኔ ያነሰ ነጥብ ያላቸው ገብተው እኔ ቀረሁ» ብሎ ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱም እንዲገባ ወሰነለት። ቦታ ቆርጦ መያዝን ከለከለ፤ ዘርን ከብዙ ነገሮች እንደ አንዱ ማየትን ግን ፈቀደ። በ2023 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት ይህን ፈቃድ አነሳ። ሆኖም ተማሪው ያለፈበትን ሕይወት፥ ዘሩ በኑሮው ላይ ያመጣውንም ጭምር በጽሑፉ እንዳይገልጽ አልተከለከለም። ትርጉሙ ለእኛ ልጆች ግልጽ ነው፤ ነጥቡ ከበፊቱ ያነሰ ቦታ አይኖረውም፥ የሕይወት ታሪካቸውን በጥሩ ብዕር መጻፍም ከበፊቱ የበለጠ ያስፈልጋቸዋል።

ወረቀቱ ላይ የነበረው

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ያን ቀን ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀመጠችው ወረቀት 501 ብቻ አይልም ነበር። ኬሚስትሪና ፊዚክስ 127፥ ንባብ 121፥ ባዮሎጂ 127፥ ሥነ ልቡና 126። ደምሩት፥ 501 ነው። ሦስቱ ከመሐሉ በላይ ናቸው። የጣላት አንዱ ነው፤ እርሱም ሳይንስ አይደለም፥ ንባብ ነው።

ይህ ክፍል በ90 ደቂቃ 53 ጥያቄ የሚጠይቅ፥ ከፍልስፍና፥ ከታሪክ፥ ከሥነ ጥበብና ከማኅበራዊ ኑሮ የተወሰዱ ጽሑፎችን የሚያስነብብ ነው። ምንም የተጠና ዕውቀት አይጠይቅም፤ ጸሐፊው ምን እንዳለና ምን እንዳላለ መለየትን ብቻ ነው የሚጠይቀው። ቀላል ይመስላል። ሆኖም በሦስት ወር ጥናት የማይገኝ ነገር ነው፤ ከልጅነት ጀምሮ በልማድ የሚገነባ ነው። እኛ ደግሞ ልጆቻችንን «ሒሳብ ሥሩ፥ ሳይንስ አጥኑ» እያልን አሳደግናቸው። ልብ ወለድ ይዘው ስናገኛቸው «ተረት ትተሽ ትምህርትሽን ያዥ» ያልን ስንቶቻችን ነን? እኔ ብዬአለሁ። ፈተናው የገለጠው የልጅቷን ድክመት ብቻ አልነበረም፤ የእኛንም ጭምር ነበር።

ሰዓቷንም ጠየቅኋት። ስታጠና የነበረችው በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በሳምንት ሠላሳ ሰዓት ሌሊት እየሠራች ነው። የሽማግሌዎችን ገላ ታጥባለች፥ አልጋ ታነጥፋለች። እንግሊዝኛ የማይችሉ የእኛ እናቶች ሲመጡ ታስተረጉማለች። ሌላው ልጅ ሥራ ሳይሠራ፥ በሺህ የሚቆጠር ዶላር የሚያስከፍል የማጠናከሪያ ትምህርት እየተማረ 510 ያመጣል። የሁለቱ ቁጥር እኩል መንገድ አልሄደም። ለሕክምና ኮሌጅ ግን የእርሷ ሌሊት ኪሳራ ብቻ አይደለም፤ በማመልከቻው ላይ የሚጻፍ፥ ነጥቡ የማይናገረውን የሚናገር ምስክር ነው። አባቷ ግን ያን ሥራ ለሰው መናገር ያፍር ነበር።

ለዚህ አካባቢ ወላጆች

ቴክሳስ ለሚኖር ሰው ብዙዎቻችን የማናውቀው ዕድል አለ። ያገኘሁትን በቁጥር ላስቀምጠው።

አንደኛ፥ በቴክሳስ የመንግሥት ሕክምና ትምህርት ቤቶች ውስጥ ከግዛቱ ውጭ የሚመጡ ተማሪዎች ከመቶ አሥር እንዳይበልጡ ሕግ አለ። ማለትም ከአሥሩ ቦታ ዘጠኙ ለቴክሳስ ነዋሪ ነው። ማመልከቻውም በአንድ የጋራ አገልግሎት በኩል ነው፤ አንድ ጊዜ ተከፍሎ ለብዙ ትምህርት ቤቶች ይደርሳል።

ሁለተኛ፥ የቴክሳስ ምክር ቤት በ2001 ያቋቋመው ጃምፕ የሚባል መርሐ ግብር አለ። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ፥ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ላላቸው የቴክሳስ ተማሪዎች ነው። ገና በዩኒቨርሲቲ መጀመሪያ ዓመታት ይመለመላሉ፤ ድጋፍ ያገኛሉ፤ የተቀመጠውን ውጤት ካሟሉ በቴክሳስ ሕክምና ትምህርት ቤት ቦታ ይጠበቅላቸዋል። ችግሩ ልጁ አራተኛ ዓመት ከደረሰ በኋላ መስማት አይጠቅምም። ስለዚህ ልጁ ዩኒቨርሲቲ በገባ ማግሥት ይጠየቅ።

ሦስተኛ፥ የፈተናው ክፍያ ከ300 ዶላር በላይ ነው። የፈተናው አዘጋጅ ማኅበር ግን ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ተማሪዎች ቅናሽና ነፃ የመለማመጃ ጽሑፎች ይሰጣል፤ የስደተኛነት ወይም የጥገኝነት ፈቃድ ያላቸውም ማመልከት ይችላሉ። ገቢን ለማሳየት የወላጅ ታክስ ወረቀት ይጠየቃል። «ደመወዜን ልጄ ምን አገባት?» የምንል ወላጆች ልብ እንበል።

አራተኛ፥ ፈተናው ማትሪክ አይደለም፤ ይደገማል። በአንድ ዓመት እስከ ሦስት፥ በተከታታይ ሁለት ዓመት እስከ አራት፥ በዕድሜ ዘመን እስከ ሰባት ጊዜ መውሰድ ይቻላል። ሆኖም ኮሌጆቹ ሁሉንም ውጤት ያያሉ። ምን እንደጎደለ ሳያውቁ መድገም ያንኑ ቁጥር ሁለት ጊዜ መግዛት ነው።

አምስተኛ፥ ዳላስ ያለው ሳውዝዌስተርን ብቸኛው በር አይደለም። ፎርት ወርዝ ላይ ከ1970 ጀምሮ ያለው የቴክሳስ ኦስቲዮፓቲክ ሕክምና ኮሌጅ አለ። በ2019 የመጀመሪያዎቹን 60 ተማሪዎች የተቀበለው የቲሲዩ ሕክምና ትምህርት ቤትም አለ። «ኦስቲዮፓቲክ ሐኪም አይደለም» የሚል ወሬ በመካከላችን አለ። ሐሰት ነው። በዚህ አገር ሙሉ ሐኪም ነው፤ ያክማል፥ ቀዶ ጥገና ያደርጋል፥ መድኃኒት ያዝዛል።

ማጠቃለያ

ከልጅቷ ጋር ከተነጋገርን በኋላ ወዳጄ ዘንድ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። «ሁለቴ ፈረድኩ፥ ሁለቴም ተሳሳትኩ» አልኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «እኔም አንድ ጊዜ እንኳ እርሷን አልጠየቅኋትም» አለ። የሌሊት ሥራዋን በግማሽ እንድትቀንስ የቤቱን ወጪ እርሱ ሸፈነ። እርሷም ለሰባት ወር ያህል በየቀኑ ከሳይንስ ውጭ የሆነ ጽሑፍ ታነብ፥ ለእኔም በስልክ ትተርክልኝ ነበር። ሁለተኛውን ፈተና ስትወስድ ንባቡ ከ121 ወደ 124 ወጣ፤ ጠቅላላው 507 ሆነ። ዘንድሮ አመልክታለች። መልሱ ገና ስላልመጣ ይህን የምጽፈው «አየሽ፥ ተሳካልሽ» ለማለት አይደለም። ላይሳካ ይችላል፤ ከአመልካቹ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በየዓመቱ ደጅ ይቀራል።

የተለወጠው ሌላ ነው። በዚያ ቤት አሁን «ስንት አመጣሽ?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «እንዴት ዋልሽ?» የሚል ይጠየቃል። ነጥብ ስለ ልጆቻችን የሚገልጠው ነገር አለ፤ አንናቀው። ግን ምን እንደሚገልጥ ለማወቅ ቁጥሩን ለጎረቤት ከመንገርና ለእኔ ዓይነቱ ፈራጅ ከመደወል በፊት ወረቀቱን ከልጁ ጋር ቁጭ ብሎ ማንበብ ይቅደም።

ቸር ወሬ ያሰማን።